ዝቅተኛውን የፓይተን ዕትም ስለ መምረጥ፤ በቀን መቍጠሪያ ደንብ ላይ የቀረበ ትችት

በፓይተን ቋንቋ ተጽፎ ለሌሎች እንዲታደል የተዘጋጀ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ በመግለጫው ውስጥ አንድ አጭር መሥመር አለው፤ ይኸውም ፕሮግራሙ ከስንተኛው የቋንቋው ዕትም ጀምሮ እንደሚሠራ የሚናገረው መሥመር ነው። ዕትም ስንል ባለሙያዎቹ በተለምዶ ቨርዥን የሚሉትን ማለታችን ነው። መሥመሩ እጅግ አጭር ስለ ሆነ የፕሮግራም ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሞሉት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም ከሌላ ሰው ሥራ ገልብጠው። እኛም በመጀመሪያ ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ዳሩ ግን ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው መሥመሩ ለተጠቃሚው የተሰጠ ቃል ነው፤ የቃሉ መጠበቅና አለመጠበቅ የሚታወቀው ደግሞ በሙከራ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገር እንከራከራለን። አንደኛ፣ ጸሐፊው ራሱ ያልሞከረበትን ዕትም እደግፋለሁ ብሎ ሊጽፍ አይገባውም። ሁለተኛ፣ ዝቅተኛው ዕትም ቀን ስለ ተቈጠረ ወይም የሙከራ መሣሪያው አዲስ ዕትም ስለ ፈለገ ብቻ ከፍ ሊል አይገባውም። ሁለቱ አሳቦች በወረቀት ላይ ሲታዩ የሚስማሙ ይመስላሉ፤ በሥራ ላይ ግን ይጋጫሉ። በጽሑፉ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን ያነሣነው ከራሳችን ሥራ ተነሥተን ነው። ጥቂት ተማሪዎች ሆነን በአማርኛና በጉራጌ ቋንቋዎች የተጻፉ ጽሑፎችን ተቀብሎ ቃላቸውን የሚቈጥርና በፊደል ተራ የሚያሰልፍ አነስተኛ ፕሮግራም አዘጋጀን። የጻፍነው በየግል ኮምፒዩተራችን ሲሆን በነዚያ ላይ የነበረው ፓይተን 3.11 ነበር። ፕሮግራሙ እንዲያገለግል የታሰበው ግን በአንድ የተማሪዎች የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ነው፤ በክፍሉ ያሉት ኮምፒዩተሮች ደግሞ አሁንም በዊንዶውስ 7 የሚሠሩ ናቸው። ዊንዶውስ 7ን የሚቀበለው የመጨረሻው የፓይተን ዕትም በ2019 ጥቅምት የወጣው 3.8 ነው፤ 3.9 ከቶ አይጫንበትም። እንግዲህ የመግለጫው መሥመር «ከ3.11 ጀምሮ» ቢል ክፍሉ በሙሉ ተዘጋብን ማለት ነው፤ «ከ3.8 ጀምሮ» ቢል ደግሞ ያልሞከርነውን ቃል ሰጠን ማለት ነው።

በዚህ ነገር ላይ ከተጻፉት ደንቦች ይልቅ ስሙ የገነነው ናምፓይ የተባለው የስሌት ላይብረሪ አዘጋጆች በ2019 ያቀረቡት ኔፕ 29 ነው። ደንቡ ባጭሩ የሚለው፣ አንድ ፕሮጀክት አዲስ ዕትሙን ሲያወጣ ካለፉት 42 ወራት ወዲህ የወጡትን የፓይተን ዕትሞች ሁሉ፣ ቢያንስም የመጨረሻዎቹን ሁለቱን፣ ይደግፍ ነው። በኋላ ቦታውን የያዘው ስፔክ 0 ዘመኑን ወደ 3 ዓመት አሳጥሮታል። ደንቡ ያለ ምክንያት አልተጻፈም። አምስት የፓይተን ዕትሞችን በሦስት ዐይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ እደግፋለሁ የሚል ሰው እያንዳንዱን ለውጥ 15 ጊዜ መሞከር ይኖርበታል፤ አንዱ ላይብረሪ የጣለውን ዕትም ሌላው ይዞት ቢቈይም ሁለቱን አብሮ ለሚጠቀም ሰው የሚረባ ነገር የለም። ቀኑን አስቀድሞ ቈርጦ ማስታወቅ በየጊዜው የሚነሣውን ክርክር ያስቀራል። ይህን ሁሉ እንቀበላለን።

የማንቀበለው ደንቡ ከታሰበለት ቦታ ወጥቶ በየትንሹ ፕሮግራም ላይ እንደ ሕግ መለጠፉን ነው። ቀን መቍጠሪያው የሚለካው የዕትሙን ዕድሜ ነው እንጂ ዕትሙ የሚሠራበትን ኮምፒዩተር ዕድሜ አይደለም። ቍጥሮቹን እንመልከት። 3.8 በ42 ወር ስሌት በ2023 ሚያዝያ ወር የሚጣል ሆነ፤ የፓይተን አዘጋጆች ራሳቸው ግን ለዚሁ ዕትም የደኅንነት ማስተካከያ እስከ 2024 ጥቅምት ሲሰጡ ቈይተዋል። እኛ አዲስ ነው ብለን የያዝነው 3.11 የወጣው በ2022 ጥቅምት ስለ ሆነ በስፔክ 0 አቈጣጠር ሦስት ዓመቱን በ2025 ጥቅምት ጨርሷል። ኮምፒዩተሩን በየሦስት ዓመቱ ለሚለውጥ ሰው ይህ አያስቸግርም። ከአሥር ዓመት በፊት የተገዛ ኮምፒዩተር ላይ ተራ ጠብቆ ለሚቀመጥ ተማሪ ግን ደንቡ የሚነግረው ነገር ቢኖር ፕሮግራሙ ላንተ አልተጻፈም የሚል ነው። ለደንቡ ጸሐፊዎች ፍርድ እንስጥ ካልን፣ ስፔክ 0 የሚቀርበው እንደ ምክር ነው እንጂ እንደ ግዴታ አይደለም፤ ጥፋቱ ምክሩን ሳይመረምሩ በሚገለብጡት ላይ ነው። ከገልባጮቹም መካከል እኛ ነበርን።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በአዲስ ዕትም የተጻፈ ፕሮግራም በአሮጌ ዕትም ላይ ሲወድቅ አወዳደቁ አንድ ዐይነት አይደለም፤ እኛ ሦስት ዐይነት አይተናል፤ ዝቅተኛውን ዕትም ለመምረጥ ከማናቸውም ደንብ ይልቅ የረዳንም ይህን መለየታችን ነው።

የመጀመሪያው በግልጽ የሚወድቀው ነው። ከመካከላችን አንዱ በ3.10 ወደ ቋንቋው የገባውን ማች የተባለውን አጻጻፍ ተጠቅሞ ነበር። ፋይሉ በ3.8 ሲከፈት ቋንቋው አጻጻፉን ስለማያውቀው አንዲት መሥመር እንኳ ሳይሠራ ይቆማል። ይህ ስሕተት ጨዋ ስሕተት ነው፤ ለማግኘት ፕሮግራሙን አንድ ጊዜ ማስነሣት ይበቃል።

ሁለተኛው አድብቶ የሚቈይ ነው። በአማርኛ ቃል መጀመሪያ ላይ የሚጨመሩትን «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» ቈርጦ ለመጣል ሪሙቭፕሪፊክስ የተባለውን ትእዛዝ ተጠቅመን ነበር፤ «የቤት» ሲሰጠው «ቤት» ይመልሳል። ትእዛዙ የመጣው በ3.9 ነው። በ3.8 ላይ ፕሮግራሙ በደኅና ይነሣል፣ ፋይሉን ያነባል፣ ቃሉን ይቈጥራል፤ የሚወድቀው ተጠቃሚው «መነሻ ፊደል ቍረጥ» የሚለውን ምርጫ የመረጠ እንደ ሆነ ብቻ ነው። በኛ ዘንድ ለብዙ ቀን ማንም ሳይመርጠው ቈየ፤ የመረጠው የመጀመሪያ ሰው የጥናቱን ጽሑፍ ለማቅረብ አንድ ቀን የቀረው ተማሪ ነበር። እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚያገኘው እያንዳንዱን መሥመር የሚነካ ሙከራ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ አይወድቅም፤ የተሳሳተ መልስ ሰጥቶ በደኅና ያልቃል። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው በ3.0 ነው። ከዚያ በኋላ በ2005ና በ2010 ተጨማሪ ፊደሎች ገቡ፤ በ2021 በወጣው በዩኒኮድ 14 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች አጻጻፍ የሚያገለግሉ 28 ፊደሎች ተጨመሩ። እያንዳንዱ የፓይተን ዕትም በወጣበት ዘመን የነበረውን የዩኒኮድ ሠንጠረዥ በውስጡ ይዞ ይወጣል። ፓይተን 3.8 የያዘው 12.1ን፣ 3.10 የያዘው 13ን፣ 3.11 የያዘው 14ን ነው። ስለዚህ ከ28ቱ ፊደሎች አንዱን ይዘን ኢዝአልፋ በተባለው ትእዛዝ «ይህ ፊደል ነውን?» ብለን ብንጠይቅ 3.11 «አዎን» ይላል፤ 3.8 «አይደለም» ይላል። ፕሮግራማችን ፊደል ያልሆነውን ሁሉ እንደ ሥርዐተ ነጥብ ቈጥሮ ቃሉን በዚያ ቦታ ይቈርጥ ስለ ነበር፣ በመካከሉ ከነዚህ ፊደሎች አንዱ ያለበት ቃል በክፍሉ ኮምፒዩተሮች ላይ ለሁለት ተከፍሎ እንደ ሁለት ቃል ተቈጠረ። የቃላቱ ድምር ከፍ አለ። ማስጠንቀቂያ አልነበረም። ሠንጠረዡ በመልኩ ያማረ ነበር። ዐይናችንም አልረዳንም፤ ኮምፒዩተሮቹ እነዚያን ፊደሎች የሚያሳይ ፎንት ስለሌላቸው በስክሪኑ ላይ የሚታዩት እንደ ባዶ ሣጥን ሆነው ነው፤ ባዶ ሣጥን ያለበት ቃል ቢቈረጥ ማን ያስተውለዋል? ስሕተቱን ያገኘነው አንዲት ባልደረባችን አንድ ገጽ ጽሑፍ በእጅዋ ቈጥራ ድምሩ ከፕሮግራሙ ጋር አልገናኝ ስላላት ነው።

(በጨዋታ መካከል፣ ነገሩ ከዚህም ሊብስ ይችል ነበር። እነዚህ ፊደሎች የዩኒኮድ ቍጥራቸው ከ65,535 በላይ ስለ ሆነ፣ በ2012 ከወጣው ከ3.3 በፊት በነበሩት የዊንዶውስ ፓይተኖች አንዱ ፊደል ርዝመቱ ሁለት ሆኖ ይቈጠር ነበር።)

ከዚህ የተማርነው ዝቅተኛውን ዕትም የሚወስነው ጥያቄ «ቋንቋው ስንት ዓመቱ ነው?» ሳይሆን «መልሱ በዚያ ዕትም ላይ ልክ መሆኑን በምን እናውቃለን?» የሚለው መሆኑን ነው። ለሦስተኛው ዐይነት ስሕተት ፕሮግራሙን ማስነሣትም እያንዳንዱን መሥመር መንካትም አይበቃም፤ መልሱ አስቀድሞ በሰው እጅ ተቈጥሮ የታወቀ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ያም ጽሑፍ በዝቅተኛው ዕትም ላይ መሮጥ አለበት። አሁን ከፕሮግራሙ ጋር እንዲህ ያሉ አምስት ገጾች አብረው ይሄዳሉ።

ስሕተቱ እንደ ተገኘ ከመካከላችን የሚበዙት ዝቅተኛውን ዕትም ወደ 3.11 ከፍ አድርገን እንገላገል አሉ። እውነት ነው፣ በአንድ መሥመር ለውጥ ስሕተቱ ይጠፋል፤ ግን የሚጠፋው ከተጠቃሚዎቹ ጋር ነው። በሌላ በኩል 28ቱን ፊደሎች በፕሮግራሙ ውስጥ ራሳችን ዘርዝረን፣ ኢዝአልፋን ከመጠየቃችን በፊት ዝርዝሩን የሚያይ አጭር ትእዛዝ ብንጽፍ ሥራው ከግማሽ ሰዓት አያልፍም ነበር። የሆነውም ይኸው ነው። ማችንና ሪሙቭፕሪፊክስን በድሮው አጻጻፍ መተካት ደግሞ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሆነ። አዲሱን ዕትም የምንፈልገው ለምን እንደ ሆነ ስንዘረዝር ምክንያቱ ይህን ያህል ጥቂት ይሆናል ብለን አልጠበቅንም ነበር።

የሙከራ መሣሪያው ጉዳይ ቀጥሎ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚወደው ፓይቴስት ነው፤ እኛም እንወደዋለን። ነገር ግን ፓይቴስት የራሱ ዝቅተኛ ዕትም አለው፤ እርሱም በየጊዜው ከፍ ይላል። በ2019 የወጣው 5.0 ፓይተን 2.7ን ጣለ፤ 2.7ን የተቀበለው የመጨረሻው ተራ 4.6 ነበር። በ2025 የወጣው 8.4 ደግሞ 3.8ን ጥሎ ከ3.9 ጀምሮ ሆነ። ሁልጊዜ አዲሱን ፓይቴስት እይዛለሁ የሚል ጸሐፊ እንግዲህ የራሱ ፕሮግራም ምንም ሳይጐድለው ተጠቃሚውን ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይሸኛል። ይህን አንደግፍም። ለአሮጌው ዕትም አሮጌውን ፓይቴስት መያዝ ይቻላል፤ መረብ ባለበት ቦታ ፒፕ የተባለው ጫኝ ያንን የመግለጫ መሥመር አንብቦ ለዕትሙ የሚስማማውን ራሱ ይመርጣል። ፒፕ ይህን የተማረው በ2016 መጨረሻ በወጣው በ9.0 ነው። በ2017 አይፓይተን 6.0 ለፓይተን 3 ብቻ ሆኖ ሲወጣ፣ በፓይተን 2 ላይ ከዚያ የቀደመ ፒፕ የነበረው ሰው መሥመሩን የሚያነብለት ስላልነበረ የማይሠራለትን ዕትም ሊጭን ይችል ነበር። አጭሩ መሥመር ጌጥ አለመሆኑን ለሚጠራጠር ይህ ማስረጃ ይበቃዋል።

ክፍላችን ግን መረብ የለውም፤ የሚገባው ሁሉ በፍላሽ ይገባል። ፓይቴስትን ከነተከታዮቹ ተሸክሞ በየኮምፒዩተሩ ከመጫን ይልቅ ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣውን ዩኒትቴስትን መረጥን። የሚጐድለው ነገር አለ፤ አጻጻፉ ይረዝማል፤ ሙከራ ሲወድቅም የሚሰጠው መግለጫ እንደ ፓይቴስት አያምርም። ሆኖም ለኛ ሥራ ዋና የሆነው ሰብቴስት፣ ይኸውም አንዱን ሙከራ በ28ቱ ፊደሎች ላይ እያፈራረቀ የትኛው እንደ ወደቀ የሚነግረው፣ ከ3.4 ጀምሮ ያለ ነው። ሌላ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ምርጫው ሌላ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ያህል አሲንክ የተባለውን የአሠራር ዘዴ የሚጠቀም ፕሮግራም ለሙከራ የሚያስፈልገው አሲንክሞክ ወደ ቋንቋው የገባው በ3.8 ስለ ሆነ፣ ከዚያ በታች ለመውረድ ሌላ ዕቃ መሸከም ይኖርበታል።

ዝቅተኛው ዕትም ላይ መሞከር ማለት ግን በአዲሱ ላይ አለመሞከር ማለት አይደለም። ከ3.10 ጀምሮ ፓይተን የፊደል አጻጻፉ ዐይነት ሳይነገረው ፋይል የሚከፍተውን መሥመር ሁሉ እንዲያስጠነቅቅ ማዘዝ ይቻላል። ይህ ለግዕዝ ፊደል ጸሐፊ ትልቅ እርዳታ ነው። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ዊንዶውስ ዐይነቱ ያልተነገረውን ፋይል 1252 በተባለው የላቲን ሠንጠረዥ ያነበዋል፤ በዚያ ሠንጠረዥ «ሰላ» ተበላሽቶ ዝም ብሎ ያልፋል፤ «ሰላም» ግን የ«ም» ሦስተኛ ባይት በሠንጠረዡ ውስጥ ቦታ ስለሌለው ፕሮግራሙን ያቆመዋል። እኛ ሰባት እንዲህ ያሉ መሥመሮች አግኝተን አርመናል፤ ያገኘንላቸውም በ3.8 ላይ ሳይሆን በአዲሱ ላይ ሞክረን ነው። ስለዚህ ሙከራችን በሁለት ጫፍ ይሮጣል፤ በታች ቃላችንን ለማረጋገጥ፣ በላይ ስሕተት ለማደን። በመካከል ያሉትን የምንሞክረው ፕሮግራሙን ለማውጣት ስንዘጋጅ ብቻ ነው፤ ይህም ጕድለት መሆኑን እናውቃለን።

እስካሁን የተቸነው ዕትሙን በችኰላ ከፍ የሚያደርጉትን ነው፤ የተቃራኒው ጥፋትም ቀላል አይደለም። ማንንም ላለማስቀየም «ከ2.7 ጀምሮ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ፓይተን 2.7 ከ2020 መግቢያ ጀምሮ ድጋፉ የተቋረጠ ነው። በርሱ ላይ «ሰላም» የተባለው ቃል እንደ ተራ ጽሑፍ ተጽፎ ርዝመቱ ቢጠየቅ በዩቲኤፍ 8 መልሱ 9 ነው፤ የሚቈጥረው ባይቱን ነውና። በፓይተን 3 መልሱ 3 ነው። የአማርኛ ቃል የሚቈጥር ፕሮግራም ሁለቱንም በአንድ ኮድ እደግፋለሁ ካለ ወይ በየመሥመሩ እየተጠነቀቀ የተጻፈ ነው ወይም አልተሞከረም። ያየናቸው አብዛኞቹ ሁለተኛው ዐይነት ናቸው።

በውሳኔያችን ላይ የቀረበብን ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውም ጠንካራ ነው። 3.8 ከ2024 ጥቅምት ወዲህ ማስተካከያ አያገኝም፤ ዊንዶውስ 7ም ከ2020 ጥር ወዲህ እንዲሁ ነው፤ እነዚህን መደገፍ ሰዎች አደገኛ በሆነ ነገር ላይ እንዲቈዩ ማበረታታት አይሆንምን? ፕሮግራማችን ከመረብ ጋር የሚነጋገር ወይም የሰው ምስጢር የሚይዝ ቢሆን ኖሮ ተቃውሞውን ተቀብለን ክፍሉ ይዘጋብን እንል ነበር። ነገር ግን የሚያነበው ከፍላሽ የመጣ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ኮምፒዩተሮቹም ከመረብ ጋር አልተያያዙም። ክፍሉ አንድ ቀን መረብ ቢገባለት ውሳኔው በዚያው ቀን መመርመር አለበት፤ ይህንንም በመግለጫው ውስጥ ከመሥመሩ አጠገብ ጽፈነዋል።

አንድ ያልተስማማንበት ነገር ይቀራል። 28ቱ ፊደሎች የተቀመጡበት የዩኒኮድ ክልል 32 ቦታ አለው፤ አራቱ ባዶ ናቸው። ትእዛዛችን ክልሉን በሙሉ «ፊደል ነው» ይበል ወይስ 28ቱን ብቻ በሚለው ተከራክረን ሁለተኛውን መረጥን፤ አራቱ ባዶ ቦታዎች ፊደል ተብለው እንዳይቈጠሩ የሚጠብቅ ሙከራም ጨመርን። ዩኒኮድ ወደ ፊት ባዶዎቹን ቢሞላቸው ግን ያ ሙከራ በታች ባለው ዕትም እያለፈ በላይኛው ዕትም ይወድቃል። ከመካከላችን ሁለቱ ሙከራው ከወዲሁ ይውጣ ይላሉ፤ የቀሩት የሚወድቅበት ቀን አዲስ ፊደል መምጣቱን የሚነግረን እርሱ ነውና ይቈይ ይላሉ። ይህ ጽሑፍ እስከ ተዘጋጀ ድረስ ሙከራው አልወጣም።